የሰባተኛው ቤት ወንበሮች

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሜይ 11 ቀን 2025

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ማሚት፤

ሰላምታዬ ያለሽበት አሰላ ድረስ ይምጣ። ጉልበትሽን፣ ዐይንሽን፣ ያንን ማንንም የማይፈራ አንደበትሽንም ጌታ ይጠብቅልኝ። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ።

ይኸው እንዳዘዝሽኝ ወረቀትና ፖስታ ገዛሁ። «ስልክ ላይ ትዋሸኛለህ፤ ደህና ነኝ ብለህ ትዘጋለህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ ለእኔ የሚጽፍ ይጥፋ?» ስትዪኝ አፈርኩ። የአክስቴ ልጅ ብትሆኚም ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እምቢ ማለት አልችልም።

ሥራዬ ያው ነው። ጎረቤት ከተማው ፍሪድሊ ያለው ፋብሪካ ለሆስፒታል የሚሆን ቀጭን ቱቦ እንሠራለን፤ ከሰዓት በኋላ ገብቼ ሰው ሲተኛ እወጣለሁ። ቤቱም ያው ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ 2B። ባለቤቴ ሮማን ካረፈች አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት፤ መጋረጃዋን እስካሁን አልቀየርኩም። ልጄ ፀሎትም ደህና ናት። ትምህርት ስላለባት ራቅ ብላ ነው የምትኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት ብልሽ ታምኛለሽ? ድሮ ከሥራ ስመጣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ወንበር ሲጎተት እሰማ ነበር። አሁን ቁልፌን ከትቼ እገባለሁ፤ ምንም አይሰማም።

እንዳትስቂብኝ እንጂ አንድ ነገር ይዤያለሁ። ከከተማው ወደ ደቡብ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ አለ። ፈረንጆቹ ሃሎዊን የሚሉት በዓል ሲቃረብ እዚያ ውስጥ የማስፈራሪያ ቤቶች ይሠራሉ። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ ይጮሃል፣ እየሳቀ ይወጣል። ቤቶቹ ምን እንደሆኑ እስኪከፈቱ ድረስ ምስጢር ነው፤ ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ ኢንተርኔት ላይ አንድ ፎረም አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለነዚህ ቤቶች የሚገምቱ ሰዎች ተሰብስበውበታል። አንዱ ከአጥር ውጪ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ አንዱ ድሮን ያበራል፤ አንዷ የገባውን ጣውላ ትቆጥራለች። «ቤት ሦስት የማዕድን ጉድጓድ ነው»፣ «የለም፣ የከብት ማረጃ ነው» እያሉ ይሟገታሉ። እኔ የአናጺ ልጅ አይደለሁ? አንድ ቀን የጣውላውን ውፍረት አይቼ «ይሄ ለደረጃ ነው፤ ቤት ሦስት ወደ ላይ ይወጣል» ብዬ ጻፍኩ። መቶ ሰው ላይክ አደረገልኝ። በዚህ አገር መቶ ሰው በአንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም።

ሰላም ዋይልኝ።

ወንድምሽ አሳምነው

*

አሰላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሳምነው፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን አለሁ። ደብዳቤህ በሃያ ስድስት ቀኑ ደረሰኝ። በእኛ ጊዜ በአሥራ ስምንት ቀን ይገባ ነበር፤ ሄጄ ለአሁኖቹ ልጆች ነግሬያቸዋለሁ፤ ሳቁብኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጴንጤ ሆኛለሁ ብለህ የእናቴን ተዝካር ያልቀመስክ ሰውዬ፣ ዛሬ የሰይጣን ቤት ስንት ጣውላ እንደፈጀ ትቆጥራለህ? አልፈርድብህም፤ ግን ይገርማል።

ሌላው ነገር። ደብዳቤ ማንበብ ሥራዬ ባይሆንም መመዘን ሥራዬ ነበር። ይሄኛውን መዘንኩት። ስለ ጣውላ አንድ ገጽ፣ ስለ ልጅህ ሁለት መስመር። ትምህርት ያለባት ልጅ ከአባቷ ቤት ሆና አትማርም? ስልክ ላይ እንዳትዋሸኝ ብዬ ወረቀት ባስገዛህ፣ ወረቀቱም ላይ ጀመርከኝ።

የፀሎትን ፎቶ ላክልኝ። የቅርቡን እንጂ በነጭ ቀሚስ የተነሳችውን የልጅነቷን አይደለም፤ እሱማ ግድግዳዬ ላይ ነው።

አምላከ ቅዱሳን ከቁር ይጠብቅህ።

እህትህ ማሚት

*

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ጁላይ 6 ቀን 2025

ለውድ እህቴ ለእትዬ ማሚት፤

እንደምን አለሽልኝ? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ሙቀት ነው።

መመዘንሽስ ልክ ነው። ፀሎት ትምህርቷን ጨርሳለች። ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። አድራሻዋን አላውቀውም፤ ስልኳን አታነሳልኝም። የቅርብ ፎቶ የለኝም። ይኸው ነገርኩሽ።

ፎረሙንም ያገኘሁት በእሷ ነው። ትታው በሄደችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገጹ ተከፍቶ ነበር። እዚያ ሰው በስሙ አይጻፍም፤ አንዷ ስሟን «2B» ብላለች። የቤታችን ቁጥር ነው። ሁለት ቀን አነበብኩና አወቅኳት፤ ሲከራከሯት እንደ እናቷ ነገሩን በጥያቄ ትመልሳለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የማስፈራሪያ ቤት ስትስል ነው ያደገችው፤ እዚያ እንደ ሊቅ ነው የሚያዩዋት። እኔም «አናጺ» የሚል ስም አውጥቼ ገባሁ። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። የደረጃውን ግምት ስጽፍ መልስ ከሰጡት አንዷ እሷ ናት። በእንግሊዝኛ «ጥሩ ዐይን አለህ» አለችኝ። ቃሉን በወረቀት ገልብጬ የምሳ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ልጄ በሁለት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ ቃል እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም የነገረችው ለሌላ ሰው መስሏት ነው።

አሁን ግን እሱም ቀረ። ከጁን መጀመሪያ ወዲህ 2B አንድ መስመር አልጻፈችም። የፎረሙ ሰዎች ደስ ብሏቸዋል። ፓርኩ የሚቀጥረው ሰው ምስጢር ላያወጣ ይፈርማል፤ ስለዚህ «ዝም ያለ ሰው ገብቷል» ይላሉ። ዘንድሮ ደግሞ ከስድስቱ ቤቶች ሌላ ሰባተኛ ተጨምሯል። ሁሉም «ሰባተኛው የ2B ነው» ይላል። ይሳካላት፣ እኔም እመኛለሁ። ግን ማታ ከሥራ መጥቼ የምከፍተው ነገር አጣሁ።

ጌታ ጤናሽን ያብዛልኝ።

አሳምነው

*

አሰላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሳምነው፤

ጤና ይስጥልኝ። ጾመ ፍልሰታ ዛሬ ገባ፤ ዝናቡ ጣሪያዬን እየደበደበ ነው የምጽፍልህ።

ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ፀሎት ሰላም ትልሻለች» እያልክ ያልሆነ ሰላምታ አቀበልከኝ። እኔም «እሷንም ሳምልኝ» እል ነበር። ያን ሁሉ መሳም የት አደረስከው?

አሁን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ ለእሱ ብቻ መልስ። ልጅ እንዲሁ አይሄድም። ምን አደረግካት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ፎቶውን ተወው፤ መልኳን በቃል ጻፍልኝ። ፊደልህንም ተለቅ አድርገው፤ ጉንዳን የተራመደበት ወረቀት ነው የምትልክልኝ።

ማሚት

*

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ኦገስት 31 ቀን 2025

ለእትዬ ማሚት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የጠየቅሽኝን እነሆ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኦክቶበር፣ አልጋዋ ሥር ሁለት ካርቶን አገኘሁ። በእጇ የሠራቻቸው ጭምብሎች ነበሩ፤ የሬሳ ፊት፣ ዐይን የሌለው ፊት። ሥዕሎችም ነበሩ። ደነገጥኩ። ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገርኩ። ዋናው ነቢዩ የሚባል ወንድም ነው፤ «ይሄ መንፈስ ነው» አለ። እሁድ ዕለት፣ ጉባኤው በሚከራየው አዳራሽ፣ ስሟን ጠርተው ወደ ፊት አወጧት። ሃያ ዓመቷ ነበር። አምስት ሰው እጁን ጭኖ «ውጣ» እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ ጮኸባት። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር። እሷ አላለቀሰችም፣ አልወደቀችምም። ዞር ብላ እኔን ብቻ ፈለገች። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። እየጸለይኩ ነው ብዬ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽና ላለማየት ነው። ቤት ስንመለስ ካርቶኖቹን በጥቁር ፌስታል አድርጌ ጣልኩ። በሳምንቱ ሄደች።

ይኸው። አሁን ደግሞ የመጣውን ስሚ። ትናንት ፎረሙ ላይ ፎቶ ወጣ፤ ወደ ሰባተኛው ቤት ሲገባ የተነሳ ዕቃ። ስልሳ የሚሆኑ የሚታጠፉ ግራጫ የብረት ወንበሮችና ጥቅልል ምንጣፍ፣ ቀለሙ የወይን ጠጅ። ሰዎቹ «ቲያትር ቤት ነው»፣ «የቀብር አዳራሽ ነው» ይላሉ። እኔ ገና ሳየው አወቅኩት። የአዳራሻችን ወንበር ግራጫ የሚታጠፍ ነው። የአዳራሻችን ምንጣፍ የወይን ጠጅ ነው። ልጄ በዓለም ላይ እጅግ የሚያስፈራውን ነገር ሥሪ ሲሏት የሠራችው ያንን እሁድ ነው። በየምሽቱ ሺህ ሰው እየገባ ዐይኑን የጨፈነውን አባቷን ሊያየው ነው።

ምን ይሻለኛል? በኛ ወግ እንኳን አባትና ልጅ፣ ደም የተቃቡም በሽማግሌ ይታረቃሉ። ነቢዩንና ሁለት ሰዎችን ልላክባት እያልኩ አስባለሁ። ምከሪኝ።

መልኳን ጠይቀሽኛል። ግንባሯ ያንቺ ነው። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን በጥርሷ ትይዛለች። ቀጭን ናት፣ ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል።

አሳምነው

*

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025

እትዬ ማሚት፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ፤

መልስሽ ሳይደርሰኝ ነው የምጽፈው፤ ጥፋት ሠርቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ፎረሙ ላይ «ሰባተኛው ቤት ሰርከስ ነው፤ 2Bም ሥራዋን የማታውቅ ናት» ብሎ ጻፈ። ለልጄ ልከራከርላት ብዬ፣ እትዬ፣ በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ጻፍኩ። አዳራሹን፣ የምንጣፉን ቀለም፣ አምስቱን እጆች፣ «ውጣ» የሚለውን ቃል። «ሰባተኛው ቤት ይሄ ነው፤ አውቃለሁ» አልኩ። ሦስት መቶ ሰው መለሰልኝ። «እስከዛሬ ከተገመተው ሁሉ የላቀ ግምት» አሉኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ኮራሁ፤ ይግረምሽ።

ከዚያ ገባኝ። ያንን እሁድ ማንም ሳያውቀው ይዛው የኖረችውን ልጅ ገበያ አወጣኋት። ሁለተኛ ጉባኤ ፊት አቆምኳት ማለት ነው። አሁን ደግሞ «አናጺ» ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ያንን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ላጠፋው ብል ገልብጠው ሌላ ቦታ ለጥፈውታል። እሷ ምንም አልጻፈችም። እስከዛሬ በዝምታዋ ውስጥ ትንሽ ተስፋ ነበረኝ፤ አሁን ዝምታው ያስፈራኛል።

ተሳድበሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

አሳምነው

*

አሰላ፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአሳምነው፤

እንኳን አደረሰህ። የኦገስቱ ደብዳቤህ ዛሬ ገባ፤ ሳላድር ልመልስልህ። መስመሬ ቢጣመም አትየኝ።

ያደረግከውን አንብቤያለሁ። አጥፍተሃል። ከዚህ በላይ አልልህም፤ አንተው ከበቂ በላይ ብለኸዋል።

ሽማግሌ ልላክ ትላለህ። እጃቸውን የጫኑባት ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱ ነው? ልጅ ያስደነገጠን ጅብ አስታራቂ አድርጎ የላከ ሰው አይቼ አላውቅም። ማንንም አትላክ። ራስህ ሂድ።

ስለ ግምቱ ደግሞ ስማኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፖስታ ሽፋን የውስጡን ስገምት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልተሳካልኝም። ሐብተማርያም የሚባል ባለወፍጮ ነበር። ከልጁ ጋር ተጣልተው፣ ልጁ ከአሰብ ደብዳቤ ጻፈ። ሐብተማርያም «የእርግማን ደብዳቤ ነው፤ አልወስድም» ብሎ አራት ወር ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በየሳምንቱ እየመጣ ግን መኖሩን ይጠይቀኝ ነበር። በመጨረሻ አስገድጄ አስከፈትኩት። «ጫማ ልልክልህ ነው፤ የእግርህን ቁጥር ጻፍልኝ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ሰው የታሸገ ነገር ሲያይ የሚያነበው የራሱን ልብ ነው። አንተም ወንበር አየህና ራስህን አነበብክ። ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ ግን ሳትከፍት አወቅኩ አትበል። ለማንም ደግሞ እንዳትናገር።

ከፍተህ ገብተህ ያየኸውን ጻፍልኝ። ፊደልህን አሁንም አተልቀው።

እህትህ ማሚት

*

ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2025

ለእትዬ ማሚት፤

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኦክቶበር 10 ቀን ነው። «ለማንም እንዳትናገር» የሚለውን ሳነብ ሳቅም እንባም መጣብኝ፤ ከተናገርኩ ወር ሞልቶኛል። «ራስህ ሂድ» የሚለው ግን አልረፈደበትም። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ቤቶቹ በተከፈቱበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሄድኩ። ጸሐይ ሳትጠልቅ በሩ ሲከፈት ደረስኩና ሰባተኛው ቤት ፊት ተሰለፍኩ። ዙሪያዬ ያሉት ልጆች በሙሉ የእኔን ግምት ያወሩ ነበር። «የጸሎት አዳራሹ» ይሉታል። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

አዳራሽ አልነበረም፣ እትዬ።

መጀመሪያ ጠባብ ኮሪደር ነው፤ የወይን ጠጅ ምንጣፍ። የእኛ ሕንጻ ኮሪደር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ የረገጥኩትን ምንጣፍ ረስቼው፣ የአዳራሹን አስታወስኩ። መጨረሻው ላይ በር አለ፤ 2B ይላል። አምስት አምስት ሆነን ገባን፣ በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ወጥ ቤታችን ነው። ፍሪጁ፣ የሮማን መጋረጃ፣ ሁሉም አለ። ግን ሁሉም ተልቋል። ጠረጴዛው ደረቴ ጋ ይደርሳል፤ የመብራቱ ማብሪያ ከራሴ በላይ ነው። በእጄ ስለካው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ አሠራሩ ያምራል፣ አንድ መጋጠሚያ አልተዛነፈም። የገባ ሰው ሁሉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆናል።

ወንበሮቹ ከበሩ ኋላ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ሮማን ከሞተች በኋላ የሚጠብቃት ሰው አልነበረኝም፤ ወደ ሥራ ስወጣ «ለማንም አትክፈቺ፣ ስልክ አታንሺ፣ ወንበሮቹን በሩ ላይ ደርድሪ» ብያት እሄድ ነበር። ጨዋታ አስመስዬ ነው ያስተማርኳት። እውነትም ጨዋታ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

መብራቱ ጠፋ፤ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ በቡጢ፣ ከዚያ በእርግጫ። እጀታው ይዞራል። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ቆሜ አስብ የነበረው፣ ያኔ የሚያንኳኳ ሰው ነበር ማለት ነው እያልኩ ነው። አንድም ቀን አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ስልክ ጠራ። ማንም አላነሳውም፤ መልእክት መቀበያው ተከፈተና የእኔ ድምፅ ወጣ። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ከሥራ ስመለስ ከታች ደውዬ የተውኩላት፣ የእኔው ድምፅ።

«ፀሎትዬ፣ እኔ ነኝ። ታች ደርሻለሁ። ወንበሮቹን አንሺ።»

ማንኳኳቱ ቆመ። ወንበሮቹ በገመድ ናቸው መሰል፣ አንድ በአንድ እየተጎተቱ ተነሱ፤ ያ ድምፅ፣ እትዬ፣ ያ ደረጃ ላይ ቆሜ የምሰማው ድምፅ። በሩ ተከፈተና ብርሃን ገባ። ደጃፉ ላይ ማንም የለም፤ መሬት ላይ እንደ እኔው ያለ ሰማያዊ የምሳ ቦርሳ ብቻ ተቀምጧል። ልጆቹ ዘለውት ሮጡ። እኔ መዝለል አቃተኝ፤ የበር ጠባቂዋ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

ፀሎትን አላየኋትም። ፈልጌ ነበር።

አሁን ፎረሙ ላይ የሚከራከሩት ስለዚያ ድምፅ ነው። «የጋኔን ቋንቋ ነው»፣ «ወደ ኋላ የተገለበጠ ላቲን ነው»፣ «በሩን የከፈተው ያ እርግማን ነው» ይላሉ። አምስት መቶ መልስ ደርሷል። እኔም «ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ትርጉሙም ይሄ ነው» ብዬ ጻፍኩና ልልከው ስል በግል መልእክት መጣልኝ። አምስት ወር ዝም ካለው ስም፣ ከ2B። በፊደል ነው የጻፈችው፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ።

«አትንገራቸው።»

«አልነግራቸውም» አልኳት። የጻፍኩትን አጠፋሁ። ሌላ ብዙ የምላት ነበር፤ ይቅርታ የሚለውን ብቻ ጨመርኩበት። 

ከትናንት በስቲያ ከፋብሪካ ስመለስ፣ ታች የሚኖረው ኤርትራዊው አቶ በርሀ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ልጅህ መጥታ ነበር» አለኝ። «የበሩን ቡዘር ተጫነች። እኔ ልክፈትልሽ ብላት፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬይ፣ እሱ ካልከፈተልኝ አልገባም አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆማ ሄደች።» ቡዘሩ ስልኬ ላይ ነው የሚደውለው፤ ሳየው የድምፅ መልእክት አለ። «አባ፣ እኔ ነኝ። ታች ነኝ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ የመኪና ድምፅ ብቻ፤ ከዚያ «እሺ፣ ሥራ ላይ ነህ።» ደጋግሜ ሰማሁት። አሁንም በመጣች ጊዜ አልነበርኩም፣ እትዬ። 

መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ስለዚህ እንደ ድሮው ለማሽኑ ነገርኩት፤ ቅዳሜ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ አልኳት።

አንድ ነገር ደግሞ ስላንቺ። ፎቶውን ተወው፣ ፊደልህን አተልቅ፣ መስመሬ ቢጣመም አትየኝ። ዘግይቶም ቢሆን ገባኝ። እኔን ውሸታም እያልሽ የዐይንሽን መድከም ከእኔ ደበቅሽ? ይህን ደብዳቤ በአውራ ጣት ስፋት ጽፌዋለሁ፤ ይኸው አሥራ አንድ ወረቀት ፈጀ። ካቃተሽ ንገሪኝ፣ ደውዬ አነብልሻለሁ። ከእንግዲህ በስልክ አልዋሽም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከበሩ ኋላ ወንበር አስቀምጬ እሱ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። ሁሉም አልፎ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። በዘጠኝ ዓመቷ ስንት ምሽት እንዲህ እንደተቀመጠች ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እስካሁን አልመጣችም። ወንበሩ ላይ ነኝ።

ወንድምሽ አሳምነው